የእኔ ክፍል አይደለም

የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛን ምን ብለን እንደምንጠራው እስከ ዛሬ አልተስማማንም። የጥንቱ ሰው «ዐቃቤ መጻሕፍት» ይል ነበር፤ ደግ ቃል ነው፤ ግን ወረቀት ላይ ቀረ። ተማሪው «ላይብረሪያን» ይላል። መሥሪያ ቤቱ ደግሞ «የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ» ብሎ ይጀምርና አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት እያለ ይቆጥራቸዋል፤ ከዚያ በላይ «ከፍተኛ ባለሙያ»፣ ከከፍተኛው በላይ «ቡድን መሪ»፣ ከቡድን መሪው በላይ «ዳይሬክተር»። ከሁሉም በታች አቴንዳንቷ አለች። አቴንዳንት ማለት መጽሐፉን ከመደርደሪያ አውርዳ የምታመጣልህ፣ አንብበህ ስትጨርስ ተቀብላ ወደ ቦታው የምትመልሰው ናት። እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ፤ ከዚህ ሁሉ የስም ጋጋታ ውስጥ በየቀኑ መጽሐፍ በእጇ የምትነካው ይቺ የመጨረሻዋ ናት።

ማዕረግ ይቅር የምል ሰው አይደለሁም። የድሮዎቹ የጦር ማዕረጎች እንኳ ትርጉም ነበራቸው። ፊታውራሪ ከፊት የሚቀድመው ነው፤ ቀኛዝማች የቀኙን፣ ግራዝማች የግራውን ክንፍ ይመራል። ስሙን ስትሰማ ሰውዬው ሰልፉ ላይ የት እንደሚቆም ታውቃለህ። የቤተ መጻሕፍታችን ማዕረግ ግን ሰውዬው የት እንደማይቆም ነው የሚነግርህ። «ከፍተኛ ባለሙያ» ከተባለ አንባቢ የሚስተናገድበት ጠረጴዛ ላይ አይቀመጥም። «ቡድን መሪ» ከሆነ መጽሐፍ አይሸከምም። «ዳይሬክተር» ከሆነማ ወደ ንባብ አዳራሹ ብቅ የሚለው እንግዳ ሲያስጎበኝ ነው። ሁሉም እንዲህ ናቸው አልልም፤ ብዙዎቹ ግን ናቸው። ለዚህም የምታገለግል አንዲት አጭር ዓረፍተ ነገር አለች፤ «የእኔ ክፍል አይደለም» ትላለች።

ይቺን ዓረፍተ ነገር በአንድ ከሰዓት በኋላ አራት ጊዜ ስትነገር ሰምቻለሁ። ቦታው አዲስ አበባ ውስጥ ያለ አንድ የመንግሥት ቤተ መጻሕፍት ነው፤ ከሌሎቹ የተለየ ጥፋት ስላላየሁበት ስሙን አልጠራም። አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሐዲስ ዓለማየሁን «ትዝታ» ፈልጋ መጥታለች። በ1985 ዓ.ም. የታተመ፣ የጣሊያንን ወረራና የደራሲውን የእስር ዘመን የሚተርክ መጽሐፍ ነው። ገበያ ላይ ባጣው ቤተ መጻሕፍት አገኘዋለሁ ብሎ ማሰብ የዋህነት አይደለም መቼም። ኮምፒውተሩ ላይ ስሙን ጻፈች። የለም አላት። አዳራሹ ውስጥ የተቀመጠውን ወጣት ጠየቀችው፤ «እኔ ሪፈረንስ ነኝ፤ አማርኛው የእኔ ክፍል አይደለም» አላት፤ በትሕትና ነው ያላት። ካታሎግ ክፍል ገባች። እዚያ ያሉት ሁለት ባለሙያዎች «እኛ አዲስ ገቢ ነው የምንመዘግበው፤ ፈልጎ ማውጣት የእኛ ክፍል አይደለም» አሉ። ኮምፒውተሩን የሚያየው ልጅ ተጠራ፤ እሱም ኔትወርክ ነው፤ ካታሎጉ ላይ ምን እንደተጻፈ የእሱ ክፍል አይደለም።

በዚህ መሀል ሰማያዊ ጋዋን የለበሱ አንዲት ሴትዮ መጻሕፍት ታቅፈው ሲያልፉ ቆም አሉ።

«ምንድን ነው የፈለግሽው ልጄ?»

ነገረቻቸው።

«ትዝታን ነው? እሱማ ሁለት ነበረን። አንዱ ከጠፋ ቆየ፤ ያኛው ሽፋኑ ተገንጥሎ ጥገና ገብቷል። ጥገና ክፍል፣ ከበሩ ጀርባ ያለው ካርቶን ውስጥ ነው።»

«ታዲያ እትዬ፣ ሊያወጡልኝ አይችሉም?»

«እኔ ምን ሥልጣን አለኝ ብለሽ ነው የኔ እናት? ባለሙያው መፈረም አለበት።»

ጥገና ክፍል ተኬደ። መጽሐፉ አለ፤ ሴትዮዋ ካሉበት ካርቶን ውስጥ፣ እንዳሉት ሽፋኑ ተገንጥሎ። የጥገና ሠራተኛው ግን ማስወጣት የእሱ ክፍል አይደለም፤ አራተኛዋ ይቺ ናት። ታዲያ መፈረም ያለበት ባለሙያ የት ሄደ? ሥልጠና ላይ ነው። የምን ሥልጠና? የደንበኛ አያያዝ።

ልጅቷ ባዶ እጇን ወጣች። ቤቱ ውስጥ ከአራትና ከአምስት ያላነሰ ዲግሪና ዲፕሎማ አለ፤ መጽሐፉም አለ፤ መጽሐፉ ያለበትን ካርቶን ሳይቀር የሚያውቅ ሰው አለ። እንዲያም ሆኖ አንባቢዋ ማንበብ አልቻለችም። ከዚህ የከፋ ድህነት እኔ አላውቅም፤ ሳያጡ ማጣት ነውና።

ኮምፒውተሩ ለምን «የለም» እንዳለ ልንገራችሁ፤ የክርክሬ ፍሬ ያለው እዚያ ነው። ልጅቷ የጻፈችው «ሀዲስ» ብላ ነው፤ የተመዘገበው «ሐዲስ» ተብሎ ነው። ለእኔና ለእናንተ ያው ነው። ለማሽኑ ግን ሀ፣ ሐ እና ኀ ሦስት የተለያዩ ፊደላት ናቸው። የአባትየውንም ስም አንዱ ዓለማየሁ፣ አንዱ አለማየሁ፣ ሌላው ዐለማየሁ ወይም ኣለማየሁ ብሎ ይጽፈዋል። ሦስቱን በአራቱ አባዙት፤ አሥራ ሁለት ሐዲስ ዓለማየሁ ይወጣል! «ፍቅር እስከ መቃብር»ን የጻፉት ማሽኑ የሚያውቃቸው አንዱ ብቻ ናቸው፤ አሥራ አንዱ የማይታወቁ እንግዶች ናቸው። በዚያ ላይ ከውጭ የመጣው ፕሮግራም «የቤተሰብ ስም» ብሎ ይጠይቃል። የእኛ ሰው የቤተሰብ ስም የት አለው? የራሱና የአባቱ ስም ነው ያለው። ስለዚህ አንዱ መዝጋቢ «ሐዲስ ዓለማየሁ» ብሎ እንዳለ ያስገባዋል፤ ሌላው «ዓለማየሁ፣ ሐዲስ» ብሎ ይገለብጠዋል። አሥራ ሁለቱ ሃያ አራት ሆኑ።

ይህን የሚፈታ ሙያ አለ። አንዱን አጻጻፍ ዋና አድርጎ ይመርጣል፤ ሌሎቹን ሁሉ ወደ እሱ ይመራል፤ አንባቢው በየትኛውም በር ቢገባ እዚያው ቤት እንዲደርስ ያደርጋል። በነጻ የሚገኘውና በአገራችንም በየዩኒቨርሲቲው የሚሠራበት ኮሃ የተባለው ፕሮግራም ይህን ለማስገባት ቦታ አለው። ይህ እንግዲህ የተማረ ሰው ሥራ ነው። ልማድ ብቻውን አያስተምረውም። በዴዌይ ቁጥር የኢትዮጵያ ታሪክ 963፣ የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ 892.87 መሆኑን መሸምደድ ይቻል ይሆናል፤ አንድ የታሪክም የሃይማኖትም የሕግም የሆነ መጽሐፍ የት መቀመጥ እንዳለበት መወሰን ግን ትምህርት ይጠይቃል። ስለዚህ «ቤተ መጻሕፍት ምን ሙያ አለው፣ መጽሐፍ መደርደር ነው» ለሚሉ ወገኖች አልፈርምላቸውም።

ግን ደግሞ አንባቢው በምን በምን አጻጻፍ እየፈለገ እንደሚመጣ ማን ያውቃል? አንባቢ እኮ በደራሲና በርዕስ አይጠይቅም። «ያ ቀይ ሽፋን ያለው» ይላል። «የሰብለ ወንጌልንና የበዛብህን መጽሐፍ» ይላል። «ባለፈው ዓመት ወንድሜ እዚህ ያነበበውን» የሚልም አለ። ይህን ሁሉ የሚሰማው፣ የሚተረጉመውና አግኝቶ የሚያመጣው ባለ ጋዋኗ ናት። ካታሎግ ክፍሉ ውስጥ ያለው ባለ ዲግሪ ሃያ አራቱን አጻጻፍ ማገናኘት ይችላል፤ ማንም አልነገረውም እንጂ። ሴትዮዋ ሊነግሩት ይችላሉ፤ ማንም አልጠየቃቸውም እንጂ። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት አንድ ኮሪደር ነው። ያንን ኮሪደር የዘጋው ምንድን ነው? እኔ የደረጃ ጉዳይ ነው እላለሁ።

ባለ ዲግሪዎቹ ለማዕረጋቸው ለምን እንዲህ እንደሚሟገቱ ግን ሳይገባኝ ቀርቶ አይደለም። ተንቀዋል። በየመሥሪያ ቤታችንና በየትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት ምን ሆኖ እንደኖረ የማያውቅ አለ? ጤናው የታወከ መምህር «ላይብረሪ ይመደብ» ይባላል። ከአለቃው ጋር የተጣላ ላይብረሪ ይላካል። መዋቅር ሲሠራ የተረፈ፣ የትም ቦታ ያልተገኘለት፣ ጡረታው የቀረበ፣ «እስኪ እዚያ ይረፍ» ተብሎ ላይብረሪ ይገባል። እንግዲህ አራት ዓመት ተምሮ የመጣ ልጅ በቅጣት ከመጡና ለማረፍ ከመጡ ሰዎች ጋር አንድ ክፍል ሲቀመጥ «እኔስ የተለየሁ ነኝ» ማለቱ አይፈረድበትም። ታርጋው መከታ ሆነለት። የሚያሳዝነው መከታውን የተጠቀመበት በናቁት አለቆች ላይ ሳይሆን መሰላል ላይ በቆመችው አቴንዳንት ላይ መሆኑ ነው።

ሌላም ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ1990 አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የአፍሪካ የኢንፎርሜሽን ጥናት ትምህርት ቤት ሲከፈት ትልቅ ነገር ነበር፤ ከዚያም ትምህርቱ ወደ ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች ተዛመተ። ጥሩ ነው። ነገር ግን ትምህርቱ ከዓመት ዓመት ወደ ኮምፒውተሩ እያጋደለ ሄደ፤ ከተመራቂው መካከል ብዙው ባንክና ቴሌኮም ገባ፤ ማን ይፈርድበታል፣ ደመወዙ እዚያ ነው። ቤተ መጻሕፍት የቀረው «የቀረ» እየመሰለው ቀረ። እንዲህ የተከፋ ሰው አንባቢ ፊት ስታስቀምጠው ምን ይወጣዋል?

መንግሥትም ዝም አላለም፤ ስም ለወጠ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ቢፒአር መጣ፤ ክፍሉ «የሥራ ሂደት» ተባለ፣ ኃላፊው «የሥራ ሂደት ባለቤት»፣ ሠራተኛው «ፈጻሚ»፣ አብረው የሚቀመጡት «ኬዝ ቲም»። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም፤ ባለጉዳዩ ከበር እስከ በር እንዳይንከራተት፣ አንድ ቦታ ገብቶ ጉዳዩን ጨርሶ እንዲወጣ ነበር። ቃሉን ወሰድነው፤ አንከራታቹን ኮሪደር ተውነው። በ2000ዎቹ ደግሞ አንድ ለአምስት መጣ። አምስት ሰው አንድ ላይ ተደራጅቶ በየሳምንቱ እንዲገማገም ተባለ። ቡድን ማለት ስብሰባ ሆነ፤ ስብሰባ ማለት ቃለ ጉባኤ ሆነ፤ ቃለ ጉባኤው ተጽፎ ፋይል ውስጥ ገባ። አቴንዳንቷና ካታሎገሩ ምናልባት በአንድ ቡድን ውስጥ ነበሩ፤ ስለ ሀ እና ስለ ሐ ግን አልተነጋገሩም፤ ቅጹ ላይ ስለሌለ።

ቀጥሎ በ2011 ዓ.ም. ግድም የሥራ ምዘናና ደረጃ፣ በአፍ መፍቻችን «ጄኢጂ» የምንለው፣ ወደ ሥራ ገባ። ሥራ እንጂ ሰው አይመዘንም ተባለ፤ ይህም ሲሰሙት ፍትሐዊ ነው። ግን የእያንዳንዱ ቦታ ተፈላጊ ችሎታ ሲወጣ መጀመሪያ የተጻፈው የትምህርት ደረጃ ነበር። ሃያ ዓመት መደርደሪያ መካከል የኖረችው ሴት ከወረቀት ፊት ስትቆም ምን አላት? የአሥረኛ ክፍል ማስረጃ። እሷን ያሠለጠነቻቸው ልጆች አልፈዋት ሄዱ። ስለዚህ እሷም ዘየደች፤ ማታ ማታ ኮሌጅ ገባች። የተማረችው የቤተ መጻሕፍት ሙያ ነው ብላችሁ ታስባላችሁ? በሰፈሯ ኮሌጅ ያ ትምህርት ከየት ይመጣል! ማርኬቲንግ ማኔጅመንት ነው የተማረችው። ከሥራዋ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም፤ ከደመወዟ ጋር ግን ያገናኘዋል። ሌላው ደግሞ ያን ያህል እንኳ አልደከመም፤ ወረቀቱን ገዛው። የሐሰት የትምህርት ማስረጃ ማጣራት ራሱን የቻለ የመንግሥት ዘመቻ የሆነበት አገር ውስጥ ነው የምንኖረው። ወረቀቱ ራሱ ዕውቀት ተደርጎ ሲቆጠር ገበያ ይወጣለታል፤ ምኑ ይገርማል?

ከዚህ ከዚህ የተሻለ ፈተና አገራችን ታውቅ ነበር። የቤተ ክርስቲያን ሊቅ ድጓ ተምሮ ሲጨርስ ወደ ቤተ ልሔም ይወርዳል፤ ዝማሬ መዋሥዕት ከሆነ ወደ ዙር አምባ። እዚያ «አስመሰከረ» ይባላል። ቃሉን አስተውሉ፤ ምስክር ነው። ሰውዬው በመምህሩ ፊት፣ በጓደኞቹ ፊት ያንኑ የተማረውን ነገር ይሠራል፤ አድምጠው ይመሰክሩለታል። ድጓ የማያውቅ ሰው ቅኔ ዐዋቂ ነኝ ብሎ የድጓ መምህር መሆን አይችልም። ስለዚህ ማስረጃ ይጥፋ አልልም፤ እኔ የምለው ማስረጃው ሥራውን ይመስክር ነው። መደርደሪያ የምታውቅ ሴት የመደርደሪያ ምስክር ለምን አይሰጣትም? ለምን በማርኬቲንግ በኩል ዞራ ትመጣለች?

ይህ ጠብ የእኛ ብቻ አይደለም፤ አሜሪካኖቹም ይጣሉበታል። እዚያ «ላይብረሪያን» ለመባል በአብዛኛው ማስተርስ ዲግሪ ያስፈልጋል፤ ያውም የቤተ መጻሕፍት ማኅበራቸው ዕውቅና ከሰጠው ትምህርት ቤት። ሌላው ሠራተኛ ረዳት ነው። አንባቢው ግን ይህን አያውቅም፤ ጠረጴዛው ጀርባ ያለውን ሁሉ ላይብረሪያን ብሎ ይጠራል። እ.ኤ.አ. በ1939 ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት አርችባልድ ማክሊሽ የተባለውን ገጣሚ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ አድርጎ ሲያጭ ያው ማኅበር «ሙያው የለውም» ብሎ አጥብቆ ተቃወመ። ሰውዬው ግን ተሾመ። ከተሾመ በኋላ ያደረገውን ነው የምወድለት፤ ባለሙያዎችን ኮሚቴ አድርጎ ሰበሰበና ቤቱን ፈትሹልኝ አላቸው፤ ከዚያ መሥሪያ ቤቱን እንደገና አደራጀ። ሙያ የለህም ሲሉት ሙያ ያላቸውን ጠራ። ማኅበሩም ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም ማለት ነው።

ከእኛም ወገን ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ አለ። አሜሪካ የቤተ መጻሕፍት ሙያ ተምሮ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ የሕፃናት ላይብረሪያን ነበር። የተማረ ነው፤ ወረቀቱ አለው። አገሩ ተመልሶ ያደረገው ግን አዲስ አበባ ውስጥ፣ ሾላ አካባቢ፣ የሚኖርበትን ቤት ለልጆች መክፈት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2003። ኋላም ሐዋሳ ላይ በአህያ ጋሪ መጻሕፍት አስጭኖ ወደ ልጆቹ ሄደ። በ2008 እ.ኤ.አ. ሲኤንኤን ከጀግኖቹ አንዱ ብሎ መረጠው። አህያ መንዳት በየትኛው የሥራ መደብ ዝርዝር ውስጥ እንደሚወድቅ ጄኢጂ ያጣራልን። ያለ አህያ ነጂው ግን ያ ቤተ መጻሕፍት ወዴትም አይሄድም ነበር።

አሁን ወደ ሌላኛው ወገን ልዙር፤ አቴንዳንቶቹም መላእክት አይደሉም። የተገፋ ሰው ያለውን ይደብቃል። መጽሐፉ የት እንዳለ የምታውቀው እሷ ብቻ ከሆነች፣ ያ ዕውቀት ጉልበቷ ነው፤ ለምን ታካፍላለች? አዲስ የተቀጠረ ልጅ ሲጠይቃት «ዲግሪህ ያግኝልህ» ብላ የምትሄድ አይቻለሁ። መጽሐፍ ሆን ብላ ያለ ቦታው የምታስቀምጥ፣ «እኔ ከሌለሁ ይቺ ቤት ትዘጋለች» የምትልም አለች። በዓመት ፈቃዷ ጊዜ አንባቢው «እሷ ስትመጣ ተመለስ» ይባላል። የሕዝብ መጽሐፍ በአንዲት ሴት ጭንቅላት ውስጥ ተቆልፎ! ይህም ቢሆን ያው «የእኔ ክፍል» ነው፤ በሌላ በኩል የተቆለፈ።

በነገራችን ላይ፣ በ1936 ዓ.ም. የተቋቋመውን ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍታችንን ሕዝቡ ምን ብሎ እንደሚጠራው ታውቃላችሁ፤ «ወመዘክር» ነው። ቤተ መጻሕፍት ወመዘክር የሚለው የግዕዝ ስም ረዝሞበት ጭራውን ብቻ ያዘ። የግዕዙ «ወ» የአማርኛው «እና» ነው። ሕዝቡ ቤተ መጻሕፍቱን ጥሎ «እና»ውን ያዘ እላለሁ ስስቅ። ይህን ያህል ዘመን ለአንድ ታላቅ ቤት መጠሪያ ሆና የኖረችውን «እና» ሠራተኞቹ መካከል ማስገባት ያቃተን ለምንድን ነው?

ምን ይደረግ ነው የምትለው ትሉኝ ይሆናል። ገንዘብ የማይጠይቁት ይቀድማሉ። ማዕረግ ያለው ሁሉ፣ ዳይሬክተሩ ሳይቀር፣ በሳምንት ግማሽ ቀን አንባቢ የሚስተናገድበት ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ። ፎቶ ለመነሳት አይደለም፤ «የለም» ሲባል የልጅቷ ፊት ምን እንደሚመስል እንዲያይ ነው። እዚያ ጠረጴዛ ላይ አንድ ደብተር ይኑር፤ የተጠየቀና ያልተገኘ መጽሐፍ ሁሉ፣ አንባቢው በጠራበት ስም ይጻፍበት፤ ያ ቀይ ሽፋን ያለው ቢልም እንዲያው ይጻፍ። በየሳምንቱ ዓርብ ደብተሩን ይዘው አቴንዳንቷና ካታሎገሩ አብረው ይቀመጡ። ስብሰባ አይባል፤ ቃለ ጉባኤም አይያዝለት፤ ኮምፒውተሩን ከፍተው እዚያው ያስተካክሉ። ከዚህ በላይ ቡድን የሚባል ነገር አላውቅም። በሩ ላይ ያሉት ጥበቃና ፈታሽም ይምጡ፤ አንባቢው መጀመሪያ የሚጠይቀው እነሱን ነው፤ የአማርኛው መጽሐፍ በየትኛው ፎቅ እንዳለ ሊነገራቸው ይገባል። ቦርሳ ሲፈትሹ የሚመልሱት ጥያቄ ሪፈረንስ ጠረጴዛ ላይ ከሚጠየቀው ቢበዛ እንጂ አያንስም።

ገንዘብ የሚጠይቀው ደግሞ የአቴንዳንቷ ደረጃ ነው። ሃያ ዓመት የሠራች ሴት በሥራዋ የምትፈተንበትና የምታልፍበት መንገድ ይከፈት። ፈተናው ከባድ ይሁን፤ አንድ መቶ ጥያቄ ከእውነተኛ አንባቢ ይሰብሰብና ታምጣ፤ የተቀደደውን ትጠግን፤ ያለ ቦታው የተቀመጠውን ትለይ፤ ለአዲስ ሠራተኛ ታስተምር። ካለፈች ደመወዟ ይጨመር፤ የማርኬቲንግ ዲግሪ አትጠየቅ። ይህን ስል «እንዴት አሥረኛ ክፍልና ዲግሪ እኩል ይሆናል» የሚል እንደሚነሳ ዐውቃለሁ። እኩል ይሁኑ አላልኩም። ካታሎገሩ የራሱን ደመወዝ ይብላ፤ እንዲያውም ያንሰዋል። ክርክሬ ሌላ ነው፤ በአሁኑ መሰላል እሷ ያላት ዕውቀት ዋጋው ዜሮ ነው፤ ዜሮ የተከፈለበትን ነገር ደግሞ ማንም ለሌላ አያወርስም።

በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. አራት ኪሎ ላይ አብርሆት ሲከፈት ሁላችንም ደስ ብሎናል። የከተማ አስተዳደሮችና ወረዳዎችም የንባብ ቤት መክፈት ጀምረዋል፤ ይበል ነው። ሕንፃ ሲመረቅ ሪባን አለ፣ ንግግር አለ፣ ስለ መደርደሪያው ብዛት ይነገራል። እስኪ አንድ ጊዜ ደግሞ ስለ ሠራተኞቹ ይነገረን፤ ስንት ናቸው፣ ምን ያውቃሉ፣ እርስ በርስስ ይነጋገራሉ ወይ? ይህ ጥያቄ የማይጠየቅበት ሕንፃ ውስጥ ተማሪው የራሱን ደብተር ይዞ ገብቶ፣ ወንበሩንና መብራቱን ተጠቅሞ፣ መደርደሪያውን ሳይነካ ይወጣል። አብዛኛው ተማሪ አሁንም የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

እስከዚያው ጊዜ ይሄዳል። የመንግሥት ሠራተኛ በ60 ዓመቱ ጡረታ ይወጣል። ያን ቀን የርክክብ ቅጽ ይሞላል፤ ወንበር አንድ፣ ጋዋን ሁለት፣ የመሳቢያ ቁልፍ ሦስት፣ መሰላል አንድ እየተባለ በዝርዝር ይጻፍና አስረካቢና ተረካቢ ይፈርማሉ። የትኛው መጽሐፍ ከየትኛው በር ጀርባ፣ በየትኛው ካርቶን ውስጥ እንዳለ የሚጻፍበት ረድፍ ቅጹ ላይ የለም። ቅጹን የሚያዘጋጀው የሰው ሀብት ክፍል ነው፤ ሄጄ ብጠይቅ የሚመልሱልኝን ከወዲሁ ዐውቃለሁ፤ ቢሆንም እጠይቃለሁ።